ሃሎዊን ምንድን ነው? ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ሲታይ

ጥቅምት ሃያውን ሲያልፍ፣ ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ውስጥ አሜሪካ ዘመድ ባለው ሰው ስልክ ላይ ግራ የሚያጋቡ ፎቶዎች መግባት ይጀምራሉ። የእህት ልጅ አጥንት የተሣለበት ጥቁር ልብስ ለብሶ ቆሟል። ታናሿ የጠንቋይ ሾጣጣ ባርኔጣ ደፍታለች። ደጃቸው ላይ ዓይንና ጥርስ የተፈለፈለለት ትልቅ ዱባ ሆዱ ውስጥ ሻማ በርቶለት ያገጥጣል። አያት ስልኩን ተቀብለው፣ አራቅ አድርገው ያዩትና «በስመ አብ ወወልድ! ምነው፣ ልጄን ምን አለበሱብኝ?» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ «የፈረንጅ በዓል ነው» ከማለት አያልፍም። አንዳንዱም «የሰይጣን በዓል ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም መልስ አይሆኑም።

በዓሉ ሃሎዊን ይባላል። የሚከበረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ማታ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ማለት ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን ጥቅምት 20 ላይ ይውላል። ያ ሰሞን እዚህ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የጽጌ ወቅት ነው። ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ በፈቃዱ የሚጾመውም ይጾማል፤ 21 ደግሞ የማርያም ወርኃዊ በዓል ናት። እንግዲህ ያ የአጽም ፎቶ ማኅሌት ላይ አድሮ የተመለሰ ሰው ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የአያት ድንጋጤ አይፈረድበትም።

የበዓሉ ሥር አየርላንድ ነው፤ ስኮትላንድና የማን ደሴትም ይጋሩታል። በእነዚህ አገሮች በጥንቱ ዘመን የኖቬምበር መባቻ ሳዊን የሚባል በዓል ነበረው። በጋው አብቅቶ ብርዱ የሚገባበት፣ ከብቱ ከተራራው ግጦሽ ወርዶ በረት የሚገባበት፣ ብርዱን የማይዘልቀውም የሚታረድበት ጊዜ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ትልቅ እሳት ይነዳል። የማይታየው ዓለም በር የሚከፈተው በዚያች ሌሊት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ከጉብታዎች ሥር ይኖራሉ የሚባሉት መንፈሶች ወጥተው ይንከራተታሉ፤ ሰው ወደ ውጭ መውጣት ይፈራል። ስለዚህ በዓል የምናውቀው ግን የአየርላንድ ክርስቲያን መነኮሳት ከዘመናት በኋላ ከጻፉት ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው በዝርዝር የሚተረኩ ወሬዎች ብዙዎቹ ኋላ የተፈጠሩ ናቸውና በጥርጣሬ መስማት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሳይገባን ከቀረ የቀረውም አይገባንም። አየርላንድ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበች አገር ናት። በጥቅምት መጨረሻ ቀኑ ከአሥር ሰዓት በታች ይወርዳል፤ በታኅሣሥ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ጨለማው ይረዝማል። በዓሉ ወደ ጨለማ የሚገባ ሰው በዓል ነው። ምዕራብ ጎጃም ላይ ያው ወር የሚያመጣው ተቃራኒውን ነው። የእኛ ጨለማ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጭጋጉ ሜዳውን አልብሶት፣ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ቆርጦ፣ ጎተራው ተሟጦ፣ ሰው በጎመን የሚገፋው ያኔ ነው። መስከረም ሲጠባ አደይ ይፈነዳል፣ የበቆሎ እሸት ይደርሳል፤ ጥቅምት ላይ ጤፉ እያዘረዘረ፣ ዳጉሳው እየቀላ ይሄዳል። ከጨለማ የወጣ ሰው በዓል እንጂ ወደ ጨለማ የሚገባ ሰው በዓል እዚህ አይኖርም። የእነሱ የመጸው በዓል አጽም ሲለብስ የእኛው አበባ የያዘው በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል።

ክርስትና ሲመጣ ቀኑ ሌላ ትርጉም ያዘ። የሮማው ጳጳስ ቦኒፋስ አራተኛ በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፓንቴዎን የሚባለውን የሮማ ቤተ ጣዖት ለእመቤታችንና ለሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን አድርገው ባረኩት፤ መታሰቢያውም በሜይ 13 ይከበር ነበር። በ8ኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ሦስተኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ የሚሆን ጸሎት ቤት ሠሩ። በ835 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮስ አራተኛ ዘመን ኖቬምበር 1 በፍራንኮች ግዛት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሆነ። ሃሎዊን እንግዲህ የዚህ በዓል ዋዜማ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከ998 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ደግሞ የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ ኖቬምበር 2ን የሙታን ሁሉ መታሰቢያ አደረጉት። ዋዜማ፣ የቅዱሳን ቀን፣ የሙታን ቀን፤ ሦስቱ ተያይዘው የአውሮፓ የሙታን ሰሞን ሆኑ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቀን አታውቀውም፤ የምሥራቁ ኦርቶዶክስም የቅዱሳን ሁሉን በዓል የሚያከብሩት ከጰራቅሊጦስ ቀጥሎ በሚውለው እሑድ ነው።

ሙታን የሚታሰቡበት ሰሞን ከሆነ ዘንድ ዳቦ መከተሉ አይቀርም። በእንግሊዝና በአካባቢዋ ድሆችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ለቤቱ ሙታን ይጸልዩ ነበር፤ ባለቤቷም ለዚሁ የተጋገረ ትንሽ ጣፋጭ ቂጣ ትሰጣቸዋለች። ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ በማንኛውም ቀበሌ ማለዳ ላይ ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ የጨበጠ ልጅ አጥር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ቸሩ መድኃኔ ዓለም!» ሲል ይሰማል። የቆሎ ተማሪ ነው። ምዕራብ ጎጃም እንደ ዋሸራ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አገር ስለሆነች ይህ ድምፅ የዘወትር ነው። ውሻው ይጮኻል፣ እመቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ወይም ጭብጥ ቆሎ ይዘው ይወጣሉ፣ ልጁ ይመርቃል፤ የተረፈውን እንጀራ ጎጆው ውስጥ አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል። ለሚወዱት ሙት ነፍስ ብሎ ድሃ ማብላትም በተዝካር ላይ ያለ ነው፤ በአርባና በሙት ዓመት ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ካህናቱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ነዳያን ይመገባሉ።

የእነሱ ልማድ ከዚህ የተለየው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ሲሆኑ ለሙታን መጸለይ በአዋጅ ተከለከለ። ጸሎቱ ቀረ፤ በር ማንኳኳቱ ግን በየመንደሩ ቀጠለ። ልጁ ስለ ነፍስ የሚለው ነገር ሲያጣ ዘፈን ይዘፍናል፣ ፊቱን ጥቀርሻ ይቀባል፣ የአባቱን አሮጌ ኮት ገልብጦ ይለብሳል። በስኮትላንድና በአየርላንድ እንዲህ ተሸፋፍኖ እየዞሩ ዘፍኖ ወይም ቀልድ ነግሮ ለውዝና ፖም መቀበል የተለመደ ሆነ። ሃሎዊንን ከሌሎቹ የሙታን ቀኖች የለየው ይህ ነው፤ እምነቱ ሲወጣ ጨዋታው ቤቱን ወረሰ።

ዱባውስ ከየት መጣ? መጀመሪያ ዱባ አልነበረም። አየርላንዶችና ስኮትላንዶች የሚፈለፍሉት እንደ ቀይ ሥር ያለ አንድ ጠንካራ የሥር አትክልት ነበር፤ ሆዱን አውጥተው ፊት ይቀርጹበትና ፍም ወይም ሻማ ያስገቡበታል። ተረቱ ጃክ ስለሚባል ሰካራም ነው። ሰይጣንን አታልሎ ነፍሱን እንዳይወስድ ቃል አስገባው። ሲሞት ገነት አልተቀበለችውም፣ ሲኦልም ቃሏን ጠብቃ በሯን ዘጋችበት፤ በተፈለፈለ ሥር ውስጥ አንዲት ፍም ይዞ ዛሬም በጨለማ ይዞራል። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረሀብ በሆነ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ፤ ብዙው አሜሪካ ገባ። እዚያ የጠበቃቸው ዱባ ነው፤ ትልቅ፣ ለስላሳ፣ ለመፈልፈል የማያስቸግር። ዱባ እንደ በቆሎ ሁሉ ያገሬው የአሜሪካ ተክል ነው። ቡሬ ዙሪያ በበቆሎው መሃል ለመሃል የሚሳበውና ጥቅምት ላይ ጣራ ላይ ተደርድሮ የሚታየው ዱባም ዘሩ ከዚያው ባሕር ማዶ የመጣ ነው። እዚህ ግን ለወጥ ይሆናል፣ ፍሬው ይቆላል፣ ቅጠሉ ሳይቀር ይበላል። ሆዱን አውጥቶ ሻማ አብርቶበት በሦስተኛው ቀን መጣል ለገበሬ ሚስት ጆሮ የማይገባ ጉድ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ።

አሜሪካ ውስጥ በዓሉ ለረጅም ጊዜ የጎረምሶች ረብሻ ሌሊት ነበር። በር ነቅሎ መደበቅ፣ ጋሪ ጣራ ላይ መስቀል፣ መስኮት መስበር። ከተሞቹ ሲሰላቹ ልጆቹን በጣፋጭ መያዝ ጀመሩ። ዛሬ ልጆች በር ላይ የሚሉት ቃል፣ «ወይ ስጡን ወይ ተንኮል እንሠራባችኋለን» እንደማለት፣ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1910ዎቹና ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ስለነበረ ቀዝቅዞ ነበር፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ራሽኑ ሲነሳ የከረሜላ ፋብሪካዎች ገቡበትና ዛሬ የምናየው መልክ ወጣ። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ልጆች ለዩኒሴፍ ሳንቲም የሚሰበስቡበት ዘመቻ ከበዓሉ ጋር ተያይዟል። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ለሃሎዊን ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጡ የነጋዴዎቻቸው ማኅበር ገምቶ ነበር። በአብዛኛው ለልብስ፣ ለከረሜላና ለጌጥ።

የልጆቹን መዞር ግን እኛ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ የደብረ ታቦር በዓል። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ወንዶች ልጆች ከልጥ ወይም ከቃጫ ጅራፍ ይገምዳሉ። ጅራፉ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ድምፁን የሚያወጣው ጫፉ ላይ ያለችው ቀጭኗ ግማድ ናት። ልጁ እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆምና ከራሱ በላይ አዙሮ ድንገት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ እንደ ጥይት ይጮኻል፣ ከማዶ ኮረብታ ሌላው ይመልስለታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጩኸቱን በደብረ ታቦር ተራራ ሐዋርያትን ከጣላቸው ድምፅ ጋር ያገናኙታል። እረኞቹ ግን ሲፎካከሩበት ነው የሚያድሩት፤ ጀርባው ሰንበር ሳያወጣ ቡሄን ያለፈ ልጅ አልተጫወተም።

ዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል። ልጆቹ ዱላ ይዘው በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ ዱላውን መሬት ላይ እየመቱ። አውጪው የቤቱን ባለቤት በስም እያነሳ ያወድሳል፤ ካልተሰጠው ወደ ስድብ የምትቀርብ ግጥም ጣል ማድረጉ አይቀርም። የአሜሪካው ልጅ «ተንኮል እንሠራባችኋለን» የሚለውን እኛ በግጥም እንለዋለን ማለት ነው፤ የእኛው ሳይሻል አይቀርም። የሚሰጠው ሙልሙል ነው፤ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሆነ ቅቤ የሌለበት። የሚተረከው ታሪክም ደስ ይላል፤ በደብረ ታቦር ብርሃን በበራ ጊዜ እረኞቹ ቀን መስሏቸው ውጭ ቆዩ፣ ወላጆች ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ጨለማ፣ እሳት፣ በር ላይ የሚሰጥ ዳቦ፤ ሃሎዊን ላይ ያለው ሁሉ አለ። ልብሱና ሙታኑ ብቻ ይጎድላሉ። ዛሬ በከተማው ዳቦው ወደ ብር እየተቀየረ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይም ልጆቹ ሙልሙል ብትሰጣቸው አንገታቸውን አዘንብለው ያዩሃል።

የእሳቱ ትልቁ ቀን ግን መስቀል ነው። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓል ነው። አዲስ አበባ ላይ ደመራው መስከረም 16 ማታ ይቃጠላል፤ በጎንደርና በጎጃም በብዙ ቦታ ግን ዋዜማውን ተደምሮ ያድርና መስከረም 17 ጎሕ ሲቀድ ይለኮሳል። ንግሥት ዕሌኒ የዕጣኑን ጭስ ተከትላ መስቀሉን ያገኘችበት መታሰቢያ ነው። ከሊቃውንቱ ትርጓሜ ሥር ግን የገበሬው ሥርዓት አለ። ምሰሶው ወደየት እንደወደቀ ታይቶ የዓመቱ ነገር ይተነበያል። አመዱ በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል። በችቦውም ጓዳ ለጓዳ እየተዞረ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ይህን አባባል ሰው እንደ ቀልድ ይጠቅሰዋል እንጂ የረሀብ ወር በእሳት የሚባረርበት ትእዛዝ ነው፤ ሐምሌንና ነሐሴን በጎመን ላሳለፈ ቤት ቀልድ አልነበረም። አየርላንዶቹ እሳቱን የሚያነዱት ሊመጣ ያለውን ለመከላከል ነው፤ እኛ የሄደውን ለመሸኘት።

የቀረው ፍርሃቱ ነው። ምዕራብ ጎጃም ፍርሃት ያጣች አገር አይደለችም። ሲመሽ ውኃ ወደ ደጅ ሲደፋ በስመ አብ ይባላል። አመድ የሚደፋበት ቦታ በድንግዝግዝ አይረገጥም። ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ብቻውን የሚቆይ ልጅ ይቆጣሉት። አንገት ላይ ክታብ ይታሰራል፣ ለሕፃን ጤናዳም ይያዝለታል። እህል ሲወቃ ደግሞ ሰላቢ ይፈራል፤ ከአውድማው ላይ በረከቱን በስውር ጥበብ የሚሰልብ ሰው አለ ተብሎ ስለሚታመን፣ ሰዎቹ አውድማው ላይ ሳሉ ነገሮችን በዘወትር ስማቸው አይጠሩም፣ ለአውድማ ብቻ የሚሆን አነጋገር አላቸው። ምርቱን ጮክ ብሎ መቁጠርም ነውር ነው። የአውድማው ነገር ሁሉ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በሰፊው ሜዳ፣ በቀን ብርሃን የሚደረግ ነው፤ ፈረንጅ ከሚያስበው የጨለማ ቤትና የሸረሪት ድር ጋር አይገናኝም።

ከሁሉ የከፋው የቡዳ ጉዳይ ነው። በሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል፣ በዓይኑ ይበላል የሚባለው ሰው በአብዛኛው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ ወይም ቆዳ ፋቂ ነው። ማረሻውን የሚሠራለትን፣ ምጣዱን የምትሠራለትን ሰው ገበሬው በዚህ ስም ይፈራዋል፤ በገበያ ይገናኛሉ፣ በጋብቻ ግን አይገናኙም። ከባሕር ዳር ማዶ ስለምትገኘው ዘጌ ቶም ቦይልስተን የሚባል አጥኚ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው የቡዳ ነገር ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ከማን ይወለዳል፣ ማን የባሪያ ዘር ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር የተጠላለፈ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጆችን በሥራቸው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ስድቡን እንጂ ፍርሃቱን አላጠፋውም።

ሃሎዊን እዚህ እንዳይለመድ የሚያደርገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ ልጅ ጠንቋይ ለብሶ የሚስቀው በሰፈሩ ጠንቋይ ተብሎ የተገለለ ጎረቤት ስለሌለ ነው። እነሱም ዘንድ ከ300 ዓመት በፊት ሳቅ አልነበረም፤ በ1692 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ሴለም በሚባል ቦታ በጥንቆላ ተከሰው 19 ሰዎች ተሰቅለዋል። ዛሬ ያችው ሴለም በየጥቅምቱ በሃሎዊን ጎብኚ የምትጥለቀለቅ ከተማ ናት። ቡሬ ገጠር ውስጥ አንድ ልጅ የጅብ ቆዳ ለብሶ በር ቢያንኳኳ ግን ከረሜላ አይሰጠውም። ዱላ ነው የሚወጣለት፤ ነገ ደግሞ ያው የቡዳ ወሬ በሌላ ሰው ላይ ይለጠፋል።

የመጸው ሞት የሚታሰብበት አንድ ቀን አለን፤ እሱም ጭምብል የለውም። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሚካኤል። በዚያ ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ቤት ሙሉ ሰው አልቆ ቀባሪ የጠፋበት ወር ነበር። ልማዱ ከአዲስ አበባ አልፎ በሌሎች ከተሞችም አለ። የጤናና የአካባቢ ባለሙያዎች ዛሬ ጥረጉ እንጂ አታቃጥሉ ይላሉ፤ ፕላስቲክ የሚበዛበት የዘንድሮ ቆሻሻ ጭሱ ራሱ በሽታ ነውና ትክክል ናቸው።

ገጠሩ ደግሞ ኅዳርን ለመፍራት የራሱ ምክንያት ነበረው። ዝናቡ አቁሞ ውኃው ሲቆር የወባ ጊዜ ይገባል። በ1958 እ.ኤ.አ.፣ 1950 ዓ.ም. አልቆ 1951 ሲገባ ማለት ነው፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋማ አገር የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አበባው ፈክቶ፣ እህሉ አሸቶ፣ አጫጁ በንዳድ ተይዞ ጎጆ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበት መጸው አያቶቻችን የኖሩት ነው።

ሃሎዊን በሌሎች አገሮች እንዴት እንደተያዘ በአጭሩ ማየት ይቻላል። ሜክሲኮ የሙታን ቀኗን በኖቬምበር 1ና 2 ስታከብር ልክ እንደ ተዝካር ናት፤ መቃብር ይጸዳል፣ አበባ ይበተናል፣ የሞተው የሚወደው ምግብ ይቀርብለታል። ዩኔስኮም በ2008 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በዓሉ የወጣቶች ጭፈራ ሆኖ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሴኡል ከተማ ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር በጠባብ መንገድ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 159 ሰዎች ሞተዋል። በእኛ አገር ጉዳዩ በአዲስ አበባ አንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችና የምሽት ቤቶች ላይ ይወሰናል።

ስለዚህ ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ ሳይሆን ከዚያ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሚኒሶታ ያለች የፍኖተ ሰላም ልጅ ስልክ ደውላ እናቷን «ልጁ ትምህርት ቤት ሁሉም ሊለብስ ነው፤ ምን ላድርግ እማዬ?» ትላለች። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁን ያስቀራል። አንዳንዱ አጽሙንና ጠንቋዩን ትቶ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም አንበሳ ያለብሰዋል፤ የልብሱ ዓይነት ነፃ ስለሆነ ማንም ምን ለበስክ አይለውም። በልጆች ከረሜላ ውስጥ መርዝ ይገባል የሚለው ወሬም ወላጁን ያስፈራዋል። ነገሩን ለብዙ ዓመት ያጠናው ጆኤል ቤስት የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ግን የማያውቁት ሰው ለልጆች መርዝ ሰጥቶ የገደለበት የተረጋገጠ ጉዳይ አላገኘም። በ1974 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በመርዝ ከረሜላ የሞተውን ልጅ የገደለው የገዛ አባቱ ነበር፣ ለኢንሹራንስ ገንዘብ። የዚያች ሌሊት እውነተኛው አደጋ መኪና ነው፤ በጨለማ ጥቁር ለብሶ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ ይበዛል።

በዚያ ሰሞን ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናትና አባት ማወቅ ያለባቸው ጥቂት ነው። ልጆቹ የሚመጡት ሲመሻሽ ጀምሮ ነው፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያበቃሉ። ከረሜላው ፋብሪካ ያሸገው መሆን አለበት፤ ቤት የተጋገረ ዳቦ ቢሰጧቸው ወላጆቻቸው ይጥሉታል፣ ስለዚህ ሙልሙል አይሞክሩ። የሚሰጥ ነገር ከሌለ ወይም ነገሩ ካልተወደደ የደጁን መብራት ማጥፋት ነው። መብራት የጠፋበትን በር ልጆቹ አያንኳኩትም፤ ጎረቤትም አይቀየምም።